ቆቂቱ ሰው አታሳፍርም

ጋሽ ይማም አውሮፕላኗን አጥበው ባያመጧት ኖሮ ወይዘሮ ሉባባ ምንም አትጠረጥርም ነበር። ሰውየው እኮ የገዛ ጫማቸውን እንኳ ጠርገው አያውቁም! ያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቆቂቱ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ታብረቀርቃለች፣ ከሆዷ ሥር የሳሙና ሽታ ይመጣል፣ የጎማዎቿ እግሮችም አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል።

“ምነው ጋሽ ይማም፣ ሊድሯት ነው እንዴ?” አለች ሉባባ።

ጋሽ ይማም ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቁ። “ንጽሕና ከእምነት ነው፣ ልጄ” አሉ። ቀጥለው ስለ ልጇ ስለ ነጃት ጠየቁ፣ ስለ ራሷ ጉንፋን ጠየቁ፣ ከሐይቅ ከተማ ያመጡትን አንድ ፌስታል ብርቱካንም አስጨበጧት። ጉንፋኑ ከለቀቃት ቆይቷል። ብርቱካን ደግሞ ጋሽ ይማም ለሰው ሰጡ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። “ምን ነካቸው እኚህ ሰውዬ?” አለች በሆዷ፣ በአፏ ግን ምርቃቱን አዥጎደጎደችው።

ደሴ በአየር መኖር የጀመረችው መንገዱ ከተናደ ወዲህ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ በጋ ላይ ይሠራል፣ ክረምት ላይ ገደል ይዞት ይወርዳል፤ እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ይወርዳል። በመጨረሻ መንግሥትም ሰለቸው፣ ሰዉም ትንሽ አውሮፕላን ለመደ። ጎረቤት ከጎረቤት ጠዋት ሲገናኝ “እንዴት አደርክ” ቀርቶ “ነፋሱ እንዴት አደረ?” ሆነ። ሴቶች ዝናብ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ክንፍ ሲመጣም ልብስ ከገመድ ላይ ማንሳት ለመዱ። ሕፃናት ገና አፍ ሳይፈቱ የማን አባት እንደመጣ ከሞተሩ ድምፅ ያውቃሉ።

በየሰፈሩ አንድ ሜዳ አለ፣ በየሜዳው ዳር ቆቆች ተደርድረው ይቆማሉ። ቆቅ የተባሉት ዝቅ ብለው ስለሚበሩና ያገኙበት ስለሚያርፉ ነው። አንዷን ቆቅ አምስት ቤት በማኅበር ይይዛታል፣ በሳምንት በሳምንት ይቀባበላታል። ደህንነቷን የምትጠብቀው ራሷ ናት። ብሎኗ ቢላላ፣ ጎማዋ ቢተነፍስ፣ ፍሬኗ ቢያረጅ ራሷ ታውቃለች፣ መካኒኩንም ራሷ ትጠራለች። እሷ ካልጠራች መካኒክ የሚባል ሰው ወደ ሜዳው ዝር አይልም። በእያንዳንዱ ባለ ቆቅ ደጃፍ ላይ ደግሞ ቆቋ ራሷ የምታበራት ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከበራች ቤቱ ጨዋ በራሪ ነው ማለት ነው። ቢጫ ከሆነች አውሮፕላን አጎሳቁሏል፤ ቢጫ መብራት ያለበት ቤት ልጁን ለመዳር እንኳ ይቸገራል። በእነ ሉባባ ማኅበር አምስቱም መብራት ለዓመታት አረንጓዴ እንደሆነ ነበር። ይሄ ነገር ማንንም አስገርሞ አያውቅም።

የርክክቡ ሥርዓት አጭር ነው። አስረካቢው “በሰላም ይቀበሉ” ይላል። ተቀባዩ “ከእጅዎ አምናለሁ” ይላል። ቆቂቱ “ደህና ነኝ” ትላለች፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ በቃ። መመሪያው ዙሩ፣ ዳስሱ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ ይላል። ይበል እንጂ ጎንበስ የሚል የለም። አስረካቢው ቆሞ እያየ ከሥር ገብቶ መመርመር ማለት ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡን አሽትቶ እንደ መጉረስ ነው። ታች ሰፈር አንድ ሰው፣ ለአገሩ እንግዳ ነበር መሰለኝ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ “አየር ጎሎታል” አለ ተብሎ ሠርግ መጠራት ቀረበት። ጎማው በእርግጥ አየር ጎሎት ነበር። ያን ግን ማንም አያነሳውም።

እና ሉባባ ጎንበስ ብላ ልታይ ምንም አልቀራትም ነበር። ጋሽ ይማም ግን ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም።

“በሰላም ተቀበይ፣ ልጄ።”

“ከእጅዎ አምናለሁ” አለች።

“ደህና ነኝ” አለች ቆቂቱ፣ በዚያ ማር በተቀባ ድምጿ።

ጋሽ ይማም ቁልፉን ሰጥተው ስንብቱን ሳይጨርሱ ሄዱ። እኚያ ሰው ስንብት ጀምረው ጀምበር ሳትጠልቅ ጨርሰው አያውቁም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን “ይሁን” ብላ ትተወው ነበር። ነገ የምትበረው ግን ነጃት ናት። ነጃት የግመል ሐኪም ናት፤ የመብረር ፈቃዷን በቅርቡ ነው ያገኘችው፣ ያለ አስተማሪ ብቻዋን ስትነሳም የመጀመሪያዋ ነው። የምታርፈው ደግሞ በጭፍራ በኩል፣ ቆላው ጠጠር ላይ። የደሴው ሜዳ ሣር ነው፣ የታመመ እግር እንኳ ይችላል። ጠጠር ግን አይምርም። ሉባባ ከነጃት ሌላ ልጅ የላትም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዱ ከበሩ ላይ ሆኖ “ይማም ቆቋን አጠቧት አሉ?” ብሎ ጠየቃት፣ መልሷን ሳይጠብቅም ገባ። ሌላዋ “ነጃት ነገ ናት አይደል? አላህ ይጠብቃት” አለችና ሉባባ ገና “አሚን” ሳትል ፊቷን አዞረች። ክፋት አልነበረበትም እኮ። ግን ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ደህና ዋልሽም ያሰጋዋል።

አመሻሽ ላይ ነጃት የግመል መርፌዎቿን ሻንጣ ውስጥ ስትደረድር፣ ሉባባ ጓዳ ገብታ ቆቂቱን በግድግዳው ላይ ባለው መነጋገሪያ በኩል አናገረቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ለምን ዝቅ እንዳደረገች ራሷም አታውቅም።

“ቆቂት፣ እንዴት ነሽ?”

“ደህና ነኝ፣ ወይዘሮ ሉባባ። ጉንፋኑ ተሻለዎ?”

ይሄ ጉንፋን ደግሞ ዛሬ ጉድ ሆነ! “በዚህ ሳምንት ክፉኛ ተመትተሻል?” አለች።

“ጋሽ ይማም ጥሩ በራሪ ናቸው።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም። ሲያርፉ መሬት መትቶሻል ወይ ነው ያልኩት።”

“የነገው ነፋስ ከምሥራቅ ነው፣ ቀስ ያለ ነው። ለነጃት ይመቻታል።”

“እግርሽስ? የግራ እግርሽ?”

ቆቂቱ ዝም አለች። ሰው ዝም ሲል ያስፈራል፤ ዕቃ ዝም ሲል ግን ይብሳል።

“አዲስ ቀለም ተቀብቷል” አለች በመጨረሻ። “አላማረብኝም?”

ሉባባ ከጓዳ ወጣች። ነጃት አጠገብ ተቀምጣ አንድ ብርቱካን ላጠች፣ ሳትበላው አስቀመጠችው። “ነጃቴ፣ በሞቴ፣ ነገ ከመነሳትሽ በፊት ከሥር አየት አድርጊያት” አለች።

ነጃት ዓይኗ ፈጠጠ። “እማ! ጋሽ ይማም ሊመርቁኝ መጥተው ቆመው? ምን ይሉኛል? ያላሳደጓት ይሉኛል!”

 እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት ራሷ ሉባባ ናት። ልጅቱ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምራ፣ “ሰው ፊት አታሳፍሪኝ” እያለች።

በማግስቱ ሉባባ ከሁሉም ቀድማ ሜዳ ወረደች። ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ አልተነሳም፣ ሣሩ ጤዛ አለበት። ዙሪያዋን ቃኘች። ሰው የለም። ከዚያ ለበዓል የምትለብሰውን ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከቆቂቱ ሆድ ሥር ገባች። ልቧ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። እኔ ልንገራችሁ፣ ያቺ ሴት በሕይወቷ የሰው መርፌ እንኳ ሳታስፈቅድ አንስታ አታውቅም።

የግራውን እግር በቁልፉ ጫፍ ፋቀችው። ነጩ ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ፣ ከትልቁ ብሎን ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አለ። አውራ ጣቷን ስታሳርፍበት ጥፍሯ ገባ።

“በስመ አብ! ሉባባ? ምን ጠፋብሽ?”

ወይዘሮ አሰለፈች ናት፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ። ለምርቃቱ ምንጣፍ ይዛ መጥታ ነው። ሉባባ ከሥር ሆና የአሰለፈችን ጫማ ብቻ ታያለች። አሁን ስንጥቅ አገኘሁ ማለት ነበረባት። እውነቱ አፏ ላይ ነበር።

“ቀለበቴ” አለች። “ቀለበቴ ጠፋብኝ።”

ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። እጇን ጨበጠችው።

“ውይ የኔ እናት!” አለች አሰለፈችና፣ ደግ ሴት ናትና፣ ምንጣፏን ጥላ ተንበርክካ ከጎኗ ገባች። ሁለቱ ወይዘሮዎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሣሩን ይዳብሱ ጀመር። የተፋቀው ቀለም አሰለፈች አፍንጫ ሥር ነው። ስንጥቁም እዚያው ነው። አሰለፈች አየችው። ሉባባም አሰለፈች ማየቷን አየች። የአሰለፈች እጅ ሣሩ ላይ ለአንድ አፍታ ቆመ፣ ከዚያ መዳበሱን ቀጠለ።

“የለም” አለች አሰለፈች። “እዚህ የለም። ቤት ረስተሽው ይሆናል።”

“ይሆናል” አለች ሉባባ።

አሰለፈች ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች። “አይዞሽ፣ ስለ ቀለበቱ ለማንም አልናገርም” አለችና ምንጣፏን አንስታ ራቅ ብላ ታነጥፍ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት እንዲህ ነው።

ሉባባ ቆቂቱ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

“አይቼዋለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“አትቀልጂብኝ! ስንጥቁን ነዋ። ይማም ናቸው አይደል? ለደጃፋቸው መብራት ብለው የልጄን ነፍስ ቀለም ቀቡበት! ሽበታቸውን እንኳ አያፍሩበትም!”

“የማንንም ገመና አላወጣም፣ ወይዘሮ ሉባባ” አለች ቆቂቱ በትሕትና። “የርስዎን አውጥቼ አውቃለሁ?”

“የኔን? የኔን ምን?”

“የሐምሌውን።”

ሉባባ አስታወሰች። በሐምሌ ከባቲ ስትመለስ ዝናብ ይዟት፣ ሜዳውን በግማሽ ዓይን እያየች ነበር ያረፈችው። ቆቂቱ መሬቱን ስትመታው ሉባባ ጥርሷ ተጋጭቶ ደም ቀምሳለች። ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ይኸው ድምፅ “አይዞዎ፣ ደህና ነኝ” አላት። እሷም የአውሮፕላኗን ግድግዳ ሳመችው። ሳመችውና ወጣች፣ በሳምንቱ ለተረኛው “በሰላም ይቀበሉ” አለች። መብራቷ ያን ዕለትም አረንጓዴ ነበር። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

“እንግዲያው ስንጥቁ የኔ ነው?” አለች በስንት መከራ።

“የሁላችሁም ነው። ሁላችሁም ትንሽ ትንሽ አዋጥታችኋል። ጋሽ ይማም ያዩትን ሸፈኑት እንጂ አልጀመሩትም።”

“ታዲያ ለምን አትናገሪም? ለምን መካኒክ አትጠሪም? የተሠራሽው ለዚህ አይደለም እንዴ!”

“መጀመሪያ እናገር ነበር። ያስታውሳሉ።”

ታስታውሳለች። በመጀመሪያው ዓመት ቆቂቱ ምንም አትደብቅም ነበር። “ወይዘሮ አሰለፈች ፍሬኑን አቃጥለውታል” ትላለች ርክክቡ መሐል፣ ያውም ጮክ ብላ። “ጋሽ ይማም ነፋስ እያለ ተነስተዋል” ትላለች። ጠብ ሆነ። ሁለት ቤቶች ለቅሶ መደራረስ አቆሙ። ማኅበሩ ተሰብስቦ መከረ፣ ከመከሩትም አንዷ ሉባባ ነበረች፤ “ዕቃ ሰውን እንዴት ያዋርዳል?” ብላ ስትናገር ሁሉም “እውነት ነው” ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ ቆቂቱ በተናገረች ቁጥር ተቆጧት፣ ዝም ባለች ቁጥር አመሰገኗት። እሷ ደግሞ የምትማር ፍጥረት ናት። መካኒክ ሲመጣም ሰፈሩ “የማን ጥፋት ነው?” ስለሚል፣ ቀስ በቀስ መካኒክ መጥራቱንም ተወችው።

“አሁን ተናገሪ” አለች ሉባባ። “እኔ ፈቅጄልሻለሁ። ሲመጡ ተናገሪ።”

“ሰው ፊት?”

“ሰው ፊት!”

“የርስዎንም ጭምር?”

ከውጭ የሰው ድምፅ መጣ። ጋሽ ይማም ሲስሉ ተሰማ፣ ቀጥሎ የነጃት ሳቅ። ሉባባ አፏን ከፈተች። የጎረቤቱ ሁሉ ፊት በዓይኗ ዞረ፣ ያ ስብሰባ ላይ የተናገረችው ንግግር ዞረ። እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች።

“ገባኝ” አለች ቆቂቱ።

የመጀመሪያ በረራ ምርቃት አለው። ማኅበርተኛው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ቆመ። ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ድምፃቸው ሁለት ጊዜ ተሰበረባቸው፤ አዛውንቱ ስሜታቸው ተነክቶ ነው ተባለ። አሰለፈች “እመብርሃን ትከተልሽ” ብላ ነጃትን ጉንጯን ሳመቻት፣ ስትስማትም ዓይኗን ጨፍና ነው። ነጃት አዲስ ሱሪ ለብሳለች፣ ፊቷ ደስታ ብቻ ነው። ሻንጣዋን ወንበሩ ላይ አስገብታ መጣችና እናቷ ፊት መዳፏን ዘረጋች።

ተራው የሉባባ ነው፤ አስረካቢዋ እሷ ናት።

ሉባባ ቁልፉን ይዛ ቆመች። ጋሽ ይማም ጫማቸውን ያያሉ። አሰለፈች ጦሳን ታያለች። ከሌሎቹም አንዱ እንኳ ወደ ግራው እግር አይመለከትም፤ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ ከማየት አይሸሽም። ያኔ ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ከልጇ በቀር የማያውቅ የለም። ሁሉም ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል፣ ሌላውም እሷን ይጠብቃል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይባላላ!

“በሰላም…” አለች። ቁልፉን ግን አልለቀቀችም።

“እማ?” አለች ነጃት። መዳፏ አሁንም ተዘርግቷል። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። “አላመንሽኝም ማለት ነው? እችላለሁ እኮ። አስተማሪዬን ጠይቂ።”

“አንቺንማ አምናለሁ” አለች ሉባባ። “አንቺ ነሽ እኔን ማመን የሌለብሽ። ጎንበስ በይና ከሥር እዪ።”

“እማ፣ ሰው እያየ!”

“ይይ! ሰው ይይ! በሐምሌ መሬት ላይ ጥያታለሁ፣ ደብቄያለሁ። እነዚህም ደብቀዋል። ልጄ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ጎንበስ በይ!”

“ሉባባ፣ ተይ” አሉ ጋሽ ይማም በቀስታ። “በልጅ ፊት አይሆንም። በኋላ እኛው እንነጋገርበታለን።”

“ደህና ነኝ” አለች ቆቂቱ።

ነጃት የጋሽ ይማምን ፊት አየች፣ የአሰለፈችን አየች፣ የእናቷንም አየች። ከዚያ በአዲሱ ሱሪዋ ጤዛው ላይ ተንበረከከች።  እጇ በግራው እግር ላይ ሲወርድ፣ ብሎኑ ጋ ሲደርስ፣ ሲቆም ሁሉም አዩት።

“ደህና ነኝ፣ ነጃት” አለች ቆቂቱ፣ ካለፈው ጊዜ የበለጠ ለስላሳ ሆና።

“ቀለሙን ማነው የፋቀው?” አለች ነጃት ከሥር ሆና።

“እኔ ነኝ” አለች ሉባባ።

“መቼ?”

“ዛሬ ጠዋት። እናንተ ሳትመጡ።”

የነጃት ጭንቅላት ከክንፉ ሥር ብቅ አለ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። “ጠዋት አይተሽው ነው ሻንጣዬን ሳስገባ ዝም ያልሽው? ሲመርቁኝ ዝም ያልሽው? ምን ትጠብቂ ነበር፣ እማ?”

ሉባባ ማኅበርተኞቹን አየቻቸው። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰጧትም። ልትዋሽ አሰበች፣ የምትዋሸው ነገር ግን አጣች።

“ሰዉ እስኪሄድልኝ” አለች።

ነጃት ከሥር ወጥታ ጉልበቷን አራገፈች።

“ቀድሜ የምሄደው እኮ እኔ ነበርኩ” አለች።